ሁለት ጊንጦች፣ አንድ ፊደል

ሸዋ ሮቢት ያደግን ልጆች ጫማችንን ሳናራግፍ እግራችንን አንከትም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ምድጃው አጠገብ እንዳለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አራገፋችሁ?» ትላለች። እኛም ጫማውን ገልብጠን ተረከዙን ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ሁለት ጊዜ እናጋጫለን። አብዛኛውን ቀን የሚወድቀው አቧራ ነው፤ ጠጠር ነው፤ አንዳንዴም አንዲት የማሾ ፍሬ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ግን ከግራ ጫማዬ ገለባ የመሰለች ነገር ዱብ አለች። የጣቴን ግማሽ አታህልም። ለአፍታ ዝም ብላ ተኛች፤ ከዚያ ጅራቷ በቀስታ ከኋላ ተነሥቶ በጀርባዋ ላይ ታጠፈ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር እሾህ ወደ እኔ ተቀሰረች። እናቴ ከምድጃው ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥታ ጣለችባት። ጫማ አድርጋ ነበር፤ ቢሆንም በእግሯ አልረገጠቻትም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ዐቢይ ጾም ታናሽ እኅቴ የደወለችልኝ ስልክ ነው። እሷ ዛሬም እዚያው ከእናታችን ጋር ነው የምትኖረው።

«ጋሼ፣ አንተ ግሪክኛ ተምረህ የለ?» አለችኝ። ሰላምታ ሳታስቀድም ስትጀምር ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት የሆነው ልጇ ጉባኤ ላይ አንድ ሰባኪ ሲያስተምር ሰምቷል። ሰባኪው ሉቃስ 10፥19ን አንብቦ፣ «በግሪኩ ‘ስኮርፒዮን’ ነው የሚለው፤ ስኮርፒዮን ማለት የሚበትን መንፈስ ማለት ነው፤ በእምነት የረገጠ አይነደፍም» ብሏል። በማግስቱ ልጁ ከእንጨት ክምሩ ሥር ጊንጥ ሲወጣ አየ። ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ሊረግጠው ቀረበ። እናቴ ናት በኮሌታው ጎትታ ያስቀረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አኩርፏል፤ አያቱ እምነት የሌላት መስሎታል።

«ምን ልበለው? ቃሉ እውነት እንደዚያ ነው?» አለች።

አይደለም ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ግን የልጅ እግር ያለበት ጥያቄ ነው፤ ደግሞም ልጁ የጠየቀው ከእምነቱ ተነሥቶ ነው፤ በአንዲት «አይደለም» መመለስ አይገባውም። ሁለት ቀን ስጪኝ አልኳትና አሮጌ ደብተሮቼን አወጣሁ። የሚከተለው በእነዚያ ሁለት ቀናት ያየሁትና ከዚያም በኋላ ልተወው ያልቻልኩት ነገር ነው።

ሊቃውንቶቻችን ጽርእ የሚሉትን ይህን ቋንቋ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው፤ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያው ዓመት መምህራችን ይህችኑ የሉቃስን ጥቅስ እንድንተረጉም ሰጠን። «ስኮርፒዮን» የሚል ቃል አየሁ። መዝገበ ቃላቱ ላይ ግን የቃሉ መነሻ «ስኮርፒዮስ» ነው። ‘ን’ የምትለዋን መድረሻ በቅርቡ ተምረናት ስለነበር ደስ አለኝ፤ እንደ አማርኛችን ‘ን’ ተሳቢን የምታሳይ ናት። «ጊንጥን» ብዬ ጻፍኩ፤ ነጠላ ቁጥር፣ ተሳቢ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህሩ ከቃሉ መጨረሻ አንዷን ፊደል በቀይ ከቦ ከጎኗ «ኦሜጋ!» ብሎ ጽፎበት ነበር።

ጽርእ ለ‘ኦ’ ድምፅ ሁለት ፊደላት አሉት፤ ትንሿ ኦሚክሮን ናት፣ ትልቋ ኦሜጋ። ስማቸውም ይኸው ነው፤ ትንሽ ኦ፣ ትልቅ ኦ። ቀድሞ አንዷ አጭር ሌላዋ ረጅም ሆነው ይለዩ ነበር፤ በዛሬው የግሪኮች አፍ ግን ድምፃቸው አንድ ነው። በእኛ ፊደል ስንጽፋቸውም ልዩነታቸው ይጠፋል፤ ሁለቱም ‘ኦ’ ናቸው። «ስኮርፒዮን» በኦሚክሮን ሲጻፍ አንድ ጊንጥ ነው፣ ተሳቢ። በኦሜጋ ሲጻፍ ግን ብዙ ጊንጦች ናቸው፤ ሙያቸውም የዘርፍ ነው፤ ‘የጊንጦች’ እንደ ማለት። ሰባኪው በአፉ «ስኮርፒዮን» ሲል የትኛውን እንዳለ ከድምፁ መለየት አይቻልም። እኔም በደብተሬ ላይ ያልለየሁት ይህንኑ ነበር።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ነገር ከእኔ ፈጥኖ ይገባዋል። ግእዝ ለጊንጥ ዐቅራብ ይላል፤ ተሳቢ ሲሆን መድረሻው ተለውጦ ዐቅራበ ይሆናል፤ ሲበዛ ዐቃርብት። ስሙ ያው ነው፤ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያደርግ፣ በማን ላይ እንደሚደረግ የሚናገረው ግን የመጨረሻው ፊደል ነው። ጽርእ ይህን መንገድ ከግእዝ ይልቅ ርቆ ይሄድበታል። ስኮርፒዮስ ሲል ጊንጡ ባለቤት ነው፤ ስኮርፒኡ ሲል የጊንጥ፤ ስኮርፒዮ ሲል ለጊንጥ ወይም በጊንጥ፤ ስኮርፒዮን ሲል ጊንጥን። ብዙውም እንደዚሁ የራሱ አራት መድረሻዎች አሉት። ጾታው ተባዕታይ ነው፤ እኛ ትንሽ ናት ብለን «ጊንጧ» እንደምንለው በሁኔታ አይቀየርም።

ሐዲስ ኪዳንን ይዤ ቃሉ ያለበትን ሁሉ ለቀምኩ። አምስት ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱ በሉቃስ ወንጌል፣ ሦስቱ በራእይ ምዕራፍ 9። አምስቱን በአንድ ገጽ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ከዚህ በፊት ልብ ያላልኩትን አገኘሁ፤ አንዱም መድረሻ አልተደገመም። ሉቃስ 10፥19 ላይ ብዙ ቁጥር፣ ዘርፍ። ሉቃስ 11፥12 ላይ ነጠላ፣ ተሳቢ። ራእይ 9፥3 ላይ ብዙ፣ ባለቤት። 9፥5 ላይ ነጠላ፣ ዘርፍ። 9፥10 ላይ ብዙ፣ ተቀባይ፤ ‘ለ’ ወይም ‘በ’ የሚባለው። በየትኛውም መዝገበ ቃላት ራስ ላይ የሚቀመጠው «ስኮርፒዮስ»፣ አንድ ጊንጥ ብቻውን ባለቤት ሆኖ፣ በሐዲስ ኪዳን ውስጥ አንድም ቦታ የለም። እሱን የሚያገኙት ወደ ብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም፣ ወደ ሰብዓ ሊቃናት ሲሄዱ ነው፤ ለምሳሌ ዘዳግም 8፥15 ላይ፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን የመራበት ምድረ በዳ ሲነገር፣ የሚነክስ እባብ፣ ጊንጥ፣ ጥማት ተብሎ ሲቈጠር።

«የሚበትን መንፈስ» የተባለው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። «ስኮርፒዞ» የሚል ግሥ አለ፤ መበተን ማለት ነው። ሉቃስ ራሱ ይጠቀምበታል፤ ያውም ከጊንጡ ጥቅስ ብዙም ሳይርቅ፣ 11፥23 ላይ፤ «ከእኔ ጋርም የማያከማች ይበትናል»። ዮሐንስ 10፥12 ላይም አለ፤ እዚያ በጎቹን የሚበትነው ግን ተኵላ ነው። ስኮርፒዮስና ስኮርፒዞ ከአንድ ሥር ይመዘዙ እንደሆነ የቋንቋው ሊቃውንት አልተስማሙበትም። ቢመዘዙስ? እኛ ንብ ነደፈችኝ እንላለን፣ ጥጥ ይነደፋል እንላለን፣ የቤት ንድፍ እንላለን። ሦስቱም ‘ነደፈ’ ነው። የቤት ንድፍ መርዝ አለው ብሎ የሚሰብክ የለም፤ ምክንያቱም አማርኛውን እናውቀዋለን፤ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከዋለበት ቦታ መሆኑን አፍ ከፈታንበት ቋንቋ ተምረነዋል። የማናውቀው ቋንቋ ሲሆን ግን ድምፁ ብቻውን ምስጢር ይመስለናል። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ሕዝቡ ቃሉን ከመውደዱ የተነሣ «በግሪኩ» ሲባል ጆሮውን ያቀናል፤ ያን ጆሮ ይዞ ያለ ጥንቃቄ መናገር ከባድ ነገር ነው።

በጽርእ ስኮርፒዮስ ጊንጥ ነው። ጫማ ውስጥ የሚገባው፣ ድንጋይ ሥር የሚያድረው፣ ጅራቱን አጥፎ የሚወጋው። ከዚህ የተለየ የተሰወረ ትርጉም በቃሉ ውስጥ የለም። ነገሩ ያለው በመድረሻውና በአካባቢው ባሉት ቃላት ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሉቃስ 10፥19። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛችን «እነሆ፥ እባቡንና ጊንጡን ትረግጡ ዘንድ፥ በጠላትም ኃይል ሁሉ ላይ ሥልጣን ሰጥቼአችኋለሁ፥ የሚጐዳችሁም ምንም የለም» ይላል። ልጅ ሆኜ «ጊንጡን» የሚለው ሁልጊዜ አንድ የታወቀ ጊንጥ ይመስለኝ ነበር፤ የሆነ ቦታ ያለ፣ ስም ያለው። አማርኛ አንዱን ጠርቶ ወገኑን ሁሉ ማለት ስለሚችል ትርጉሙ አልተሳሳተም። በጽርኡ ግን እባቦችና ጊንጦች ነው፤ ብዙ፣ ያልተወሰኑ፣ መስተአምር የሚባለው ወሳኝ ቃል የሌላቸው። ውሱን የሚሆነው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ «የጠላት ኃይል» ሲል ኃይሉም ጠላቱም ውሱን ናቸው። ጠላት አንድ ነው፣ ይታወቃል፤ ጊንጦቹ ግን መንገድ ላይ የሚገኙ ማናቸውም ጊንጦች ናቸው።

ያ ኦሜጋ፣ ያ ዘርፍ፣ ለምን መጣ? ‘የጊንጦች’ የሚባል ንብረት ኖሮ አይደለም። ከፊቱ «ኤፓኖ» የሚል ቃል አለ፤ ‘ከላይ፣ በላይ’ ማለት ነው፤ ይህ ቃል እንዲህ ሲቆም የሚከተለውን ስም በዘርፍ መድረሻ ይፈልገዋል። እኛም ‘ላይ’ የምትለዋን ከ‘በ’ ጋር እንደምናስኬዳት ማለት ነው። ስለዚህ ቃል በቃል ‘በእባቦችና በጊንጦች ላይ የመርገጥ ሥልጣን’ ነው። ከጊንጡ በላይ የሚያደርጋቸው ይህች ትንሽ መስተዋድድ ናት። መርገጥ የሚለው «ፓተይን» ደግሞ ንዑስ አንቀጽ ሆኖ ‘ሥልጣን’ የሚለውን ያብራራል፤ ምን የማድረግ ሥልጣን? የመርገጥ። ትእዛዝ አንቀጽ አይደለም። ‘ሂዱና ርገጡ’ አላለም።

ለእኅቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ «እንዲያ ከሆነ ልጁ የታዘዘ መስሎት ነው» አለች። አዎ፣ የታዘዘ መስሎት ነው።

እዚያው ላይ አማርኛችን በጣም ደስ የሚያሰኝ ነገር ሠርቷል። ‘ሰጥቼአችኋለሁ’ የሚለው በጥንቶቹ ዋና ዋና ቅጂዎች «ዴዶካ» ነው፤ ድርጊቱ ቀድሞ የተፈጸመ፣ ውጤቱ ግን እስከ አሁን ያለ መሆኑን የሚያሳይ የግሥ ቅርጽ። ‘ሰጠሁ’ ቢባል ያለፈ ብቻ ይሆናል፤ ‘እሰጣለሁ’ ቢባል ገና ይሆናል። ‘ሰጥቼአችኋለሁ’ ግን ልክ እንደ ዴዶካ ነው፤ ተሰጥቷል፣ በእጃችሁም አለ። በኋላ ዘመን የተገለበጡት ብዙ ቅጂዎች «ዲዶሚ» ይላሉ፤ ‘እሰጣችኋለሁ’ እንደ ማለት። ተርጓሚዎቹ የትኛውን ይዘው እንደሄዱ ከዚህች አንዲት ቃል መጨረሻ ይታወቃል። የአማርኛችን ቅርጽ ለዚህ ያህል ስስ ነገር የተመቸ መሆኑን ያየሁት ጽርእን ከተማርኩ በኋላ ነው፤ ሰው የራሱን ቤት ከጎረቤት ደጃፍ ቆሞ እንደሚያየው።

«የሚጐዳችሁም ምንም የለም» የሚለውም እንዲሁ። በጽርኡ ሦስት አሉታዎች ተደራርበዋል። በአማርኛ ‘ማንም አልመጣም’ ስንል ‘ማንም’ የግሡን አሉታ እንደሚያጠናክር፣ እዚያም አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም፤ ያጸናዋል። ጽኑ ቃል ኪዳን ነው። ይህን ማሳነስ አልፈልግም፤ ለልጁም ‘ለዘመኑ ነው፣ ምሳሌ ነው’ ብዬ ላቃልልበት አልፈልግም።

ቃሉ የተነገረው ለማን እንደሆነ ግን ላሳየው እፈልጋለሁ። ሰባ ሁለቱ አርድእት የምንላቸው ተልከው ሄደው፣ አጋንንት ተገዝተውላቸው፣ ደስ ብሏቸው ተመልሰዋል። ጌታም «ሰይጣን እንደ መብረቅ ከሰማይ ሲወድቅ አየሁ» አላቸው፤ ቀጥሎ ነው እባብና ጊንጥ የመጡት። ስለዚህ ሰባኪው ነገሩ ከጠላት ኃይል ጋር የተያያዘ ነው ማለቱ ስሕተት የለበትም። ያንን ግን የሚነግረን ዐረፍተ ነገሩ ነው፤ «ስኮርፒዮን» የሚለው ድምፅ አይደለም። ደግሞ አንድ ቁጥር ወረድ ሲባል፣ «ነገር ግን መናፍስት ስለ ተገዙላችሁ በዚህ ደስ አይበላችሁ» ይላል፤ ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ይበላችሁ እንጂ። እግር ሥር ያለውን ከማየት ቀና አድርጎ ወደ ላይ ያሳያቸዋል። ጉባኤ ላይ ቁጥር 19 ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ቁጥር 20 አብሮ ሲነበብ የሰማሁት ግን ጥቂት ነው።

ሌላም አለ። ሉቃስ 4 ላይ ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ጣል ሲለው የጠቀሰው ከመዝሙረ ዳዊት 90 ነው፤ እናቶቻችን በቃላቸው ከሚደግሙት «በልዑል መጠጊያ» ከሚለው። ጠቅሶ ጠቅሶ የቆመው እባብና ዘንዶ ከሚረገጡበት ቁጥር አንድ እርምጃ ሲቀረው ነው። ጌታም «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» አለው። ተስፋው ውሸት ስለሆነ አይደለም የተከለከለው። ጫማ አውልቆ ወደ ጊንጥ መቅረብ ያ የቤተ መቅደስ ጫፍ ነው፤ ለልጁ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ቃሉን ትንሽ ቀለል አድርጌ።

የሐዋርያት ሥራ 28 ላይ ጳውሎስን እፉኝት የያዘችው ጭራሮ ሲያከማች ነው፤ ፈልጎ አይደለም፤ ለእሳት እንጨት ሲለቅም፣ እናቴ በየቀኑ እንደምታደርገው። ምን አደረገ? አማርኛው «አራገፋት» ይላል። ይህን ቃል እዚያ ሳየው መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ አጠፍኩት። «አራገፋችሁ?» የሚለው የእናቴ ድምፅ ነው የመጣብኝ።

አሁን ደግሞ ያቺ በኦሚክሮን የተጻፈችው። አንድ ምዕራፍ ብቻ አልፎ፣ ሉቃስ 11፥12፣ «ወይስ እንቍላል ቢለምነው ጊንጥ ይሰጠዋልን?» የሚለው። ማቴዎስም ይህን ትምህርት ጽፎታል፤ እሱ ዘንድ ያለው ግን እንጀራና ድንጋይ፣ ዓሣና እባብ ነው። እንቍላሉና ጊንጡ የሉቃስ ብቻ ናቸው። ከአራቱ ወንጌላውያን ጊንጥን የጠራ ሉቃስ ብቻ ነው፤ ሁለቴ ጠራው፤ ሁለቱም ሲነበቡ በጆሮ አንድ ናቸው፣ በዓይን ግን ይለያያሉ።

እዚህ ጊንጡ አንድ ነው። ተሳቢ ነው፤ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሊተላለፍ የሚችል ዕቃ ሆኖ ነው የቆመው። ግሡም ተራ ‘መስጠት’ አይደለም፤ «ኤፒዲዶሚ» ነው፤ እጅ ለእጅ ማቀበል የሚለው ይቀርበዋል። ጥያቄው «አይሆንም» የሚል መልስ የሚጠብቅ ነው፤ የአማርኛችን «ይሰጠዋልን?» ቃናም ያው ነው። የትኛው አባት? ብዙዎች ጊንጥ ጅራቱንና እግሮቹን ሰብስቦ ሲጠቀለል እንቍላል ይመስላል ይላሉ። እኔ ከጫማዬ የወደቀችው እንቍላል አትመስልም ነበር፤ ግን የቆላ ልጅ የማያውቀውን ክብ ነገር ለማንሣት ምን ያህል እንደሚፈጥን አውቃለሁ። አባት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይህን ጊንጥ ከመጀመሪያዎቹ ይበልጥ እወደዋለሁ ብል ትክክል ነው። ቁጥር 13 ይቀጥልና፣ እናንተ ክፉዎች ስትሆኑ ለልጆቻችሁ መልካም መስጠትን ካወቃችሁ፣ የሰማይ አባታችሁማ ለሚለምኑት መንፈስ ቅዱስን እንዴት አብልጦ አይሰጥም ይላል። በምዕራፍ 10 ጊንጦች ከእግር በታች ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ሥልጣን ተሰጥቷል። በምዕራፍ 11 አንድ ጊንጥ አባት በልጁ እጅ የማያስቀምጠው ነገር ነው። እናቴ ልጁን በኮሌታው የጎተተችው ከዚህ ከሁለተኛው ምዕራፍ ነው። እምነት አጥታ አይደለም።

የራእይ 9 ሦስቱ ጊንጦች ሌላ ዓለም ናቸው። ከጥልቁ ጢስ አንበጣዎች ይወጣሉ፤ የምድር ጊንጦች እንዳላቸው ዓይነት ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ‘ሥልጣን’ የሚለው «ኤክሱሲያ» ሉቃስ 10 ላይ ለደቀ መዛሙርቱ የተሰጠው ያው ቃል ነው። ‘መጉዳት’ የሚለውም «አዲኬዮ» በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ሉቃስ ላይ ‘ምንም አይጐዳችሁም’፣ ራእይ ላይ ‘አምስት ወር ሰዎችን እንዲጐዱ’። አማርኛችን ‘ሥልጣን’ እና ‘መጉዳት’ ብሎ ሁለቱንም ጠብቆ ስላቆያቸው ጽርእ የማያውቅ አንባቢም ገጾቹን ጎን ለጎን ገልጦ ሊያያቸው ይችላል። የአንበጣዎቹም ሥልጣን ገደብ አለው፤ የእግዚአብሔር ማኅተም በግንባራቸው ያለባቸውን አይነኩም፤ የሚነኩትንም አይገድሉም። የሚያሠቃዩት ሥቃይ «ጊንጥ ሰውን ሲነድፍ» እንዳለው ነው። ለንድፊያው የተነገረው ግሥ ሰይፍ መዞ የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ለመታው ሰው በዮሐንስ 18 የተነገረው ነው፤ መምታት። መውጊያው ደግሞ «ኬንትሮን»፤ ጳውሎስ «ሞት ሆይ፥ መውጊያህ የት አለ?» ሲል የጠራው ያው እሾህ።

ስለ ብሉይ ኪዳን ብዙ አልልም፤ ሁለት ነገር ግን ልጥቀስ። አንዱ ሮብዓም ነው፤ «አባቴ በአለንጋ ገርፎአችሁ ነበር፥ እኔ ግን በጊንጥ እገርፋችኋለሁ» ያለው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ በጊንጥ እንዴት ይገረፋል ብዬ ሌሊት አስቤ አውቃለሁ፤ እሾህ ወይም ብረት የተሰካበት ጅራፍ ሊሆን እንደሚችል የሚናገሩ አሉ፤ ሰብዓ ሊቃናት ግን ሳያብራራ ‘በጊንጦች’ ብሎ አልፎታል። ሌላው ዘኍልቍ 34፥4 ላይ ያለው የአቅረቢም ዐቀበት ነው። አቅረቢም በዕብራይስጥ ጊንጦች ማለት ነው፤ ግሪኮቹም አማርኛችንም የቦታ ስም ነው ብለው ሳይተረጉሙ አለፉት። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ግን እዚያ ላይ ዐቅራብን ያያታል፤ ዕብራይስጡ፣ ዐረብኛው፣ ግእዙ በዚህች ፍጥረት ስም አንድ ናቸው። በአውደ ነገሥት ኮከባቸው ሲቈጠርላቸው «ዐቅራብ» የተባሉ ስንት ሰዎች አሉ፤ ጊንጥ መባላቸውን ሳያውቁ የኖሩ። ሲራክ 26፥7 ላይ ደግሞ ክፉ ሚስትን የያዘ ጊንጥ እንደ ጨበጠ ሰው ነው ይላል፤ እኛ ዘንድ ሲራክ የሚነበብ ስለሆነ አረጋውያን ይህችን ሲጠቅሱ ሰምቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። ልጁን አቅርቢልኝ አልኳት። መጀመሪያ አልቀረበም፤ ኋላ መጣ። ጽርእ ላይ ሁለት ጊንጦች አሉ፣ ላሳይህ አልኩት። በወረቀት ላይ ኦሜጋንና ኦሚክሮንን በትልቁ ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ በእኅቴ ስልክ ላክሁለት። ይህቺኛዋ ሰዎቹ ከላይ የሚሆኑባቸው ብዙ ጊንጦች ላይ ያለችው፣ ይህቺኛዋ ደግሞ አባት ለልጁ የማይሰጠው አንድ ጊንጥ ላይ ያለችው ብዬ ነገርኩት። ፊደሎቹ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለማወቅ ማየት ያስፈልጋል።

ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄኛው እንቍላል ነው» አለ። ኦሚክሮንን ነው። እውነትም እንቍላል ነው፤ ሦስት ዓመት ስጽፋት አላየሁትም።

«ይሄኛውስ?» አልኩት።

«ሁለት ተረከዝ። ጎን ለጎን የቆመ።»

ከኋላው እናቴ ትምህርት ቤት ረፈደብህ ስትለው ሰማሁ። ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠው። ጫማው ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ሁለት ጊዜ ሲጋጭ ተሰማኝ።